ኤምቲቲ «ተጠብቋል» ይላል፣ አሚፎስቲን ግን አይጠብቅም፦ ከጨረር የሚከላከል መድኃኒት አፈታተሽ ላይ ጥያቄ

ማራኪ ላብ (ጎንደር)

ጤና ይስጥልን። ሴልን ከጨረር ይጠብቁ እንደሆነ ለማየት በሰው ሊምፎሳይት (ነጭ የደም ሴል) ላይ ሁለት ነገር እየፈተሽን ነው፤ አንዱ ኩርኩሚን (የእርድ ቢጫ ንጥር)፣ ሌላው በሜታኖል የወጣ የሽፈራው ቅጠል ንጥር። አሠራሩ ይህ ነው። ደሙ በወይን ጠጅ ክዳን ቱቦ ይቀዳል፣ ሊምፎሳይቱ ፊኮል በሚባል ፈሳሽ ከሌላው ደም ይለያል፣ 10 በመቶ የጥጃ ሴረም ባለው አርፒኤምአይ (የሴል ማሳደጊያ ሚዲያ) ውስጥ ይገባል። ጨረሩ የሚሰጠው አዲስ አበባ ስለሆነ ሴሉ በበረዶ ሳጥን በአውሮፕላን ይሄዳል። እዚያ መድኃኒቱ ከጨረሩ 30 ደቂቃ በፊት ይጨመራል፣ 2 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ይሰጣል፣ በማግስቱ ይመለሳል። ጨረር የማያገኘው ኮንትሮል ጎንደር ይቀራል። መድኃኒቶቹ የሚሟሙት በዲኤምኤስኦ ሲሆን ሚዲያው ውስጥ ሲገባ 1 በመቶ ይሆናል። በ24ኛው ሰዓት ኤምቲቲ (ሕያው ሴል ወደ ወይን ጠጅ የሚቀንሰው ቢጫ ቀለም) እናነባለን።

ሽፈራውና ኩርኩሚን ያገኘው ሴል ጨረር ካልነካው ኮንትሮል እንኳ በልጦ ያነባል። ለማነጻጸሪያ ያስገባነው የታወቀው የጨረር መከላከያ መድኃኒት አሚፎስቲን በ4 ሚሊሞላር ምንም አልጠበቀም። አሚፎስቲን ሰውነት ውስጥ በሚቀየርበት ንቁ ቅርጽ፣ በደብሊው አር 1065፣ ስንተካው ደግሞ ጨረር ያላገኘው ሴል ጭምር አለቀ። ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕም ፍሎው ሳይቶሜትርም የለንም። ኤምቲቲው ይታመናል? አሚፎስቲኑ ላይ ምን አጠፋን? ባለን ዕቃ የትኛው ፍተሻ ይሻላል?


ኮሎኒ ቆጣሪ

አይታመንም። ሴል የሌለበት ጉድጓድ ውስጥ ሚዲያ፣ ንጥሩንና ኤምቲቲን ብቻ አድርጋችሁ 3 ሰዓት በ37 ዲግሪ አስቀምጡት። ወይን ጠጅ ከሆነ መልሱ አለቀ፤ እንደ ሽፈራው ፖሊፊኖል የበዛበት ንጥር ቀለሙን ያለ ሴል ራሱ ይቀንሰዋል። «ከጤነኛው በላይ ኖረ» የሚል ውጤት ስታዩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው። ሴሉን ሁለት ጊዜ አጥቦ ኤምቲቲ መጨመር ችግሩን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ንጥሩ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ፍተሻው ለጨረር አይመችም። በጨረር የተመታ ሴል አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ለመከፈል ሲሞክር ነው፤ አንዴ ሁለቴ ከተከፈለም በኋላ ሊሆን ይችላል። በ24 ሰዓት ሚቶኮንድሪያው ገና ይሠራል፣ ቀለሙን ይቀንሳል፣ እናንተም «ሕያው» ብላችሁ ትመዘግባላችሁ። ሊምፎሳይት ሳይከፈልም በአፖፕቶሲስ (ራሱን በመግደል) ስለሚሞት ከሌላው ይለያል፣ ግን ያልተነቃቃ ሊምፎሳይት ኤምቲቲን የሚቀንሰው በጣም በትንሹ ስለሆነ ንባቡ ከባዶው ጉድጓድ ብዙም አይርቅም።

ሁለተኛው ጉድ ዲኤምኤስኦው ነው። 1 በመቶ ማለት 140 ሚሊሞላር ገደማ ነው። ዲኤምኤስኦ ራሱ ሃይድሮክሲል ራዲካልን (ጨረር ከውኃ የሚፈጥረውን፣ ዲኤንኤ የሚጎዳውን) የሚይዝ፣ በመማሪያ መጻሕፍት ስሙ የሚነሳ የጨረር ተከላካይ ነው። የእናንተ ኮንትሮል ንጹሕ ሚዲያ ከሆነ የምታወዳድሩት «ኩርኩሚን ሲደመር ዲኤምኤስኦ»ን ከባዶ ጋር ነው። ወደ 0.1 በመቶ አውርዱት፤ ያኔ 14 ሚሊሞላር ይሆናል። ኮንትሮሉም ያንኑ 0.1 በመቶ ይያዝ። ንጥሩ በዚያ መጠን ካልሟሟ የችግሩ ባለቤት ንጥሩ ነው፤ ዲኤምኤስኦ በመጨመር አይፈታም።


ቲዮል

የአሚፎስቲኑን እኔ ልያዝ። አሚፎስቲን ራሱ አይሠራም፤ ፎስፌቱ መቆረጥ አለበት። በሰው አካል ውስጥ የሚቆርጠው አልካላይን ፎስፋቴዝ ነው፣ የሚወጣው ደብሊው አር 1065 ነው። ኤንዛይሙ በደም ሥር ግድግዳና በጤነኛ ሕብረ ሕዋስ ይበዛል፣ በብዙ ዕጢዎች ያንሳል። መድኃኒቱ በአሜሪካ በ1995 ኩላሊትን ከሲስፕላቲን ለመጠበቅ፣ በ1999 ደግሞ በራስና አንገት የጨረር ሕክምና የሚመጣውን የአፍ ድርቀት ለመቀነስ የተፈቀደው ይህ ልዩነት ተቆጥሮለት ነው። የእናንተ ቱቦ ውስጥ ግን በ30 ደቂቃ የሚቆርጠው በቂ ኤንዛይም የለም፤ ስለዚህ ምንም አለመጠበቁ ትክክለኛ ውጤት ነው። በዚያው ምክንያት «ጤነኛውን ጠብቆ ካንሰሩን አይጠብቅም» የሚለውን በቱቦ ውስጥ ለማሳየት ባትሞክሩ ይሻላል።

ደብሊው አር 1065 የገደለው በሴረሙ ምክንያት ነው። የላምና የጥጃ ሴረም መዳብ ያለበት አሚን ኦክሲዴዝ የሚባል ኤንዛይም ይዟል። መድኃኒቱን ሲያቃጥለው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና መርዛማ አልዲሃይድ ይወጣሉ፤ ሴላችሁ የሞተው በእነሱ ነው። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ወይ በ30 ደቂቃው ውስጥ ሴረም የሌለው ሚዲያ መጠቀም፣ ወይ መድኃኒቱ ከመግባቱ በፊት ያንን ኤንዛይም የሚያግደውን አሚኖጓኒዲን 1 ሚሊሞላር መጨመር። አሚኖጓኒዲኑን ብቻውን የያዘ ኮንትሮልም አይቅር።

ሦስት ነገር ልጨምር። የሚሸጠው የደብሊው አር 1065 ዱቄት የሃይድሮክሎራይድ ጨው ስለሆነ 4 ሚሊሞላር ሲገባ ሚዲያውን ያኮመጥጠዋል፤ ቀለሙ ከቀይ ወደ ብርቱካን ካደላ ፒኤቹን ወደ 7.4 መልሱት። የተሟሟ ቲዮል (እንደ ደብሊው አር 1065 ያለ የሰልፈርና ሃይድሮጅን ጫፍ ያለው ውሁድ) አየር ላይ ወደ ዳይሰልፋይድ ይቀየራል፣ ስለዚህ ጎንደር አሟሙቶ አዲስ አበባ መውሰድ የለም። ደረቁን መዝናችሁ ሂዱ፣ እዚያ በዕለቱ አሟሙት። መድኃኒቱ አለመቀየሩን ቲዮል ሲያገኝ ቢጫ በሚሆነው በኤልማን ሪኤጀንት ማረጋገጥ ይቻላል፤ 412 ናኖሜትር ላይ ይነበባል፣ ኮኤፊሸንቱ 14,150 ነው፣ ተራ ስፔክትሮፎቶሜትር ይበቃል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። አየር የጠገበ ሚዲያ በ37 ዲግሪ የሚይዘው ኦክስጅን 0.2 ሚሊሞላር ገደማ ብቻ ነው፤ በእናንተ ከፍታ ከዚያም ያንሳል። 4 ሚሊሞላር ቲዮል በተዘጋ ቱቦ ውስጥ፣ ከታች በተከማቸ ሴል ላይ፣ ያንን ኦክስጅን ሊጨርሰው ይችላል። ኦክስጅን ያጣ ሴል ያንኑ ጉዳት ለማግኘት ከ2.5 እስከ 3 እጥፍ ጨረር ይፈልጋል። ያን ጊዜ የለካችሁት መድኃኒቱን ሳይሆን መታፈኑን ነው። ቱቦው ሙሉ አይሁን፣ ሴሉ በሚሊሊትር ከ1 ሚሊዮን አይብለጥ፣ ጨረሩ ከመጀመሩ በፊት ቀስ ብላችሁ አገላብጡት።

ደብሊው አር 1065 ካላገኛችሁ ርካሹ ማነጻጸሪያ ራሱ ዲኤምኤስኦ ነው፦ 7 በመቶ ገደማ፣ ማለትም 1 ሞላር፣ ከጨረሩ 10 ደቂቃ በፊት፣ ልክ እንዳበቃ የሚታጠብ። ሲታጠብ ሚዲያውን ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ አቅጥኑ፤ በአንድ ጊዜ ከተሞላ ሴሉ ውኃ ስቦ ይፈነዳል።


ፊዚክስ ክፍል

ስለ 2 ግሬዩ ማንም አልጠየቀም። የት ነው 2 ግሬይ የሆነው? ለሕመምተኛ የተሰላው ዶዝ (የጨረር መጠን) ውኃ ውስጥ በተወሰነ ጥልቀት ነው። ቱቦ አየር ላይ ቆሞ ከተመታ 6 ሜጋቮልት ጨረር ሙሉ ዶዙን የሚደርሰው 1.5 ሴንቲሜትር ያህል ከገባ በኋላ ነው፤ ኮባልት 60 ከሆነ 0.5 ሴንቲሜትር። ቀጭን ቱቦ ውስጥ ያለ ደም እዚያ አይደርስም።

ቱቦዎቹን ውኃ በተሞላ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አጋድሟቸው። ከላያቸው 5 ሴንቲሜትር ውኃ፣ ከታቻቸው 10 ሴንቲሜትር ውኃ ወይም የፐርስፔክስ ሰሌዳ ይሁን። ሜዳው 20 በ20 ሴንቲሜትር ሆኖ ቱቦዎቹ መሐል፣ ከጠርዙ ቢያንስ 3 ሴንቲሜትር ይራቁ። ውኃው 37 ዲግሪ ይሁን፤ ሙቀቱ ዝቅ ካለ መድኃኒቱ ወደ ሴሉ የሚገባበትም ሴሉ የሚጠግንበትም ፍጥነት ይቀየራል። ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ካለ ከአረፋው አጠገብ ያለው ሴል የሚያገኘው ዶዝ ይለያል። የዶዝ ፍጥነቱ ለሁሉም ዙር አንድ ይሁን።

በራሳችሁ አዮናይዜሽን ቻምበር (በውስጡ ባለው አየር ጨረርን የሚለካ መሣሪያ) ልትለኩ ከሆነ የአየር ግፊቱን እርማት አትርሱ። ክፍት ቻምበር ውስጥ ያለው አየር በደጋ ቀጭን ነው። አዲስ አበባ ግፊቱ 77 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ በ22 ዲግሪ ክፍል እርማቱ (295.2 ÷ 293.2) × (101.3 ÷ 77) = 1.32 ይወጣል። እሱን የረሳ ሰው 2 ግሬይ ሰጠሁ ሲል 2.6 ሰጥቷል። ከአየር ማረፊያ ወይም ከስልክ የሚወሰደው 1,015 ሄክቶፓስካል ወደ ባሕር ወለል የተመለሰ ቁጥር ስለሆነ ለዚህ አይሆንም። የክፍሉ ባሮሜትር የሚያሳየው 770 አካባቢ መሆን አለበት።

ኮንትሮሉ ጎንደር መቅረቱ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። የተመታው ተጉዟል፣ ቀዝቅዟል፣ አንድ ቀን አርጅቷል፤ ያልተመታው አልተጓዘም። ኮንትሮሉም በዚያው ሳጥን ይሂድ፣ ያው ውኃ ውስጥ ይጋደም፣ ማሽኑ ሳይበራ ያንኑ ደቂቃ ይቆይ። የሻንጣ ኤክስሬይ የሚያስጨንቅ ካለ፣ ዶዙ በማይክሮግሬይ የሚቆጠር ነው፤ ከ2 ግሬይ ጋር አይወዳደርም።


ማራኪ ላብ

እናመሰግናለን፣ ብዙ ነገር ነው ያስተካከላችሁልን። ባዶውን ጉድጓድ ሞከርነው፤ ሽፈራው ያለ ሴል ወይን ጠጅ ሆነ። አሁን ያለን ተራ ማይክሮስኮፕ ባለ 100 ዘይት ሌንስ፣ ሴንትሪፊዩጅ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ኢንኩቤተርና ጊምሳ (የሴል ማቅለሚያ) ነው። ኮሎኒ (ከአንድ ሴል የተባዛ ክምችት) መቁጠር ነው ማይክሮኒውክለስ (ሴል ሲከፈል ከዋናው ኒውክለስ ውጭ የቀረ ትንሽ ቁራጭ) የሚሻለን?


ጊምሳ

ማይክሮኒውክለስ፣ ያውም በሙሉ ደም። ፊኮሉን ተዉት። ሊምፎሳይት ኮሎኒ ስለማይሠራ ወደዚያ መሄድ ከፈለጋችሁ ሌላ ሴል ማሳደግ ሊኖርባችሁ ነው።

መጀመሪያ ቱቦውን ቀይሩ። ወይን ጠጅ ክዳን ማለት ኢዲቲኤ ነው፤ ካልሲየሙን ስለሚያስር ሊምፎሳይቱ እንዲከፈል በሚያነቃቃው በፊቶሄማግሉቲኒን አይነቃቃም፣ ካልተነቃቃ አይከፈልም፣ ካልተከፈለ ማይክሮኒውክለስ የለም። አረንጓዴ ክዳን፣ ሊቲየም ሄፓሪን ያለውን ውሰዱ።

ደሙ በበረዶ አይሂድ። ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ውኃ የተሞላ ላስቲክ በክፍል ሙቀት አጠገቡ ብታስቀምጡ ሙቀቱን ይይዝለታል። መድኃኒቱን በ37 ዲግሪ ጨምሩ፣ አስመቱ፣ ከዚያ እዚያው በ37 ዲግሪ 2 ሰዓት አቆዩት፤ የዲኤንኤ ጥገናው በዚህ ጊዜ አብዛኛው ያልቃል። ወደ ጎንደር የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ካልቸር ላይ ይዋል።

0.5 ሚሊሊትር ደም፣ 4.5 ሚሊሊትር አርፒኤምአይ 1640 ከ15 በመቶ ሴረም፣ ከ2 ሚሊሞላር ግሉታሚንና ከፊቶሄማግሉቲኒን ጋር። ለእያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ቱቦ። በ44ኛው ሰዓት ሳይቶካላሲን ቢ በሚሊሊትር 6 ማይክሮግራም ይጨመራል። ኒውክለሱ ይከፈላል፣ ሴሉ ግን ለሁለት መቆረጥ ያቅተዋል፤ ባለ ሁለት ኒውክለስ ሴል ሁሉ አንዴ ብቻ የተከፈለ ነው ማለት ነው። ሳይቶካላሲን መርዝ ነው፣ በጓንት ይሠራ። በ72ኛው ሰዓት ይነሳል።

ብዙ ስላይድ የሚበላሸው ሲነሳ ነው። ለክሮሞሶም የለመደ እጅ 0.075 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ በ37 ዲግሪ ጨምሮ 15 ደቂቃ ይጠብቃል። እዚህ እንደዚያ ከተደረገ ሳይቶፕላዝሙ ይፈነዳል፣ የትኛው ኒውክለስ ከየትኛው ጋር እንደሆነ አይታወቅም። ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ 7 ሚሊሊትር ጨምራችሁ ወዲያው ሴንትሪፊዩጅ አድርጉ። ከዚያ ሜታኖልና አሴቲክ አሲድ 3 ለ 1፣ በዕለቱ የተቀላቀለ፣ የመጀመሪያው ጠብታ ጠብታ እየተነቀነቀ፤ ካልተነቀነቀ ደሙ ቡናማ ጓል ይሆናል። ፈሳሹ እስኪጠራ ሦስት ጊዜ እጠቡ። ስላይድ ላይ አንጠባጥቡ፣ አድርቁ፣ በጊምሳ ቀቡ።

ባለ ሁለት ኒውክለስ 1,000 ሴል ይቆጠራል። ማይክሮኒውክለስ የሚባለው ዲያሜትሩ ከዋናው ኒውክለስ አንድ አሥራ ስድስተኛ እስከ አንድ ሦስተኛ የሆነ፣ ክብ፣ ቀለሙ ዋናውን የመሰለ፣ ያልተያያዘ ነው። ፎከሱን ከፍና ዝቅ ሲያደርጉት የሚያበራ ነጥብ የጊምሳ ዝቃጭ ነው፤ ጊምሳውን አጣሩ። ስላይዱን የሚቆጥረው ሰው የትኛው መድኃኒት እንዳለበት ማወቅ የለበትም፤ ሌላ ሰው ኮድ ይስጠው።

አሁን ዋናው ወጥመድ። ማይክሮኒውክለስ ቀነሰ ማለት ተጠበቀ ማለት ብቻ አይደለም። መድኃኒቱ መከፈልን ካዘገየ፣ በጣም የተጎዳው ሴል በ72 ሰዓት እስከ ክፍፍሉ አይደርስም፤ የምትቆጥሩት ቀድሞ የደረሰውን ጤነኛውን ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ከማንኛውም ስላይድ ቀድማችሁ 500 ሴል ቁጠሩ፦ ባለ አንድ ኒውክለሱ ሲባዛ 1፣ ባለ ሁለቱ ሲባዛ 2፣ ባለ ሦስቱ ሲባዛ 3፣ ባለ አራቱ ሲባዛ 4፤ ደምሩና ለ500 አካፍሉ። መድኃኒት ያለበት ቁጥር ከሌለበት በግልጽ ካነሰ የማይክሮኒውክለሱን ውጤት አትመኑት። ኩርኩሚን መጠኑ ሲበዛ ይህን ያደርጋል።

ለዚሁ የሚረዳ አንድ ተጨማሪ ቱቦ አለ። መድኃኒቱን ከጨረሩ በፊት ሳይሆን ከሁለት ሰዓቱ ጥገና በኋላ ጨምሩት። ያኔም ማይክሮኒውክለስን እኩል ከቀነሰ፣ ሥራው ዲኤንኤውን መጠበቅ ሳይሆን ካልቸሩ ውስጥ የሆነ ነገር ነው።

በአንድ ዶዝ ብቻ አትሥሩ። 0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ግሬይ ስጡና ሁለት መስመር አውጡ። መድኃኒት ያለበት ሴል በ3 ግሬይ ያሳየውን ጉዳት መድኃኒት የሌለበት በ2 ግሬይ ካሳየ፣ 3 ÷ 2 = 1.5 የዶዝ ቅነሳ መጠን ይባላል። «በ40 በመቶ ጠበቀ» የሚለው አነጋገር ዶዙ ሲቀየር አብሮ ስለሚቀየር ለሌላ ሰው አይረባም። ስታቲስቲክሱ ላይ ደግሞ ናሙናው ደም ሰጪው ሰው እንጂ ሴሉ አይደለም፤ ከአንድ ሰው 10,000 ሴል ቢቆጠር ያው አንድ ሰው ነው። ሴቶች በኤክስ ክሮሞሶም መጥፋት፣ ሽማግሌዎች በዕድሜ ምክንያት መነሻቸው ከፍ ስለሚል የየሰዉን 0 ግሬይ ለየብቻ ያዙ።


ኮሎኒ ቆጣሪ

ከጊምሳ ጋር እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ሲቀር። ማይክሮኒውክለስ የሚያሳየው ጉዳትን ነው፣ ሴሉ ዘር መተካቱን አያሳይም። ወረቀታችሁ ላይ «ሴልን ከሞት ይጠብቃል» ልትሉ ከሆነ ኮሎኒ ግድ ነው። የቆዳ ፋይብሮብላስት ካገኛችሁ 6 ሴንቲሜትር ሳህን ላይ ለ0 ግሬይ 200፣ ለ2 ግሬይ 400፣ ለ4 ግሬይ 1,000 ሴል ዝሩ፣ እስከ 14 ቀን አትነቅንቁት፣ በ0.5 በመቶ ክሪስታል ቫዮሌት ቀቡ፣ 50 ሴልና ከዚያ በላይ ያለውን ኮሎኒ ቁጠሩ። ከ200 ውስጥ 120 ከበቀለ የመብቀል መጠኑ 0.6 ነው፤ በ2 ግሬይ ከ400 ውስጥ 132 ከበቀለ 132 ÷ (400 × 0.6) = 0.55 ተርፏል። መድኃኒት ያለበት ሳህን የሚካፈለው መድኃኒት ባለበት የ0 ግሬይ የመብቀል መጠን ነው፣ በሌላው አይደለም።

ስለ ኩርኩሚንም ልናገር። «አንቲኦክሲደንት ስለሆነ ራዲካሉን ይይዛል» ከሚለው ሐሳብ ውጡ። ሃይድሮክሲል ራዲካል ሴል ውስጥ የሚቆየው በናኖሰከንድ ነው። ዲኤንኤውን ሳይነካ ለመያዝ መያዣው እዚያው አጠገብ፣ በሚሊሞላር መጠን መገኘት አለበት። 10 ማይክሮሞላር ኩርኩሚን ያን ሊያደርግ አይችልም። የሚሠራ ከሆነ የሴሉን የራሱን መከላከያ ጂኖች በመቀስቀስ ነው፣ ያ ደግሞ ሰዓታት ይፈልጋል። 30 ደቂቃ ለቲዮል የተሰላ ጊዜ ነው፤ ለኩርኩሚን 30 ደቂቃም፣ 4 ሰዓትም፣ 16 ሰዓትም ሞክሩ። ሴረም በሌለው ሚዲያ በ30 ደቂቃ ውስጥ አብዛኛው ይበሰብሳል፣ በሴረም ወይም በደም ውስጥ ለሰዓታት ይቆያል፤ ስለዚህ ለደብሊው አር 1065 ሴረም አውጡ የተባለውን እዚህ አትድገሙት። ከብርሃንም ሸፍኑት። ወደፊት ፍሎረሰንስ ብታገኙ ደግሞ ኩርኩሚን ራሱ አረንጓዴ እንደሚያበራ አስታውሱ።


ማራኪ ላብ

የመጨረሻ ጥያቄ። ኢንኩቤተሩ 5 በመቶ ላይ ነው፣ ሚዲያው ግን ሁልጊዜ ወደ ሮዝ ያደላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የ72 ሰዓቱ ነገር ያሳስበናል።


ፊዚክስ ክፍል

ከፍታው ነው። ጎንደር 2,100 ሜትር አልፋ ነው ያለችው፣ ግፊቱ 78 ኪሎፓስካል ገደማ። ከአየሩ 5 በመቶ የሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በባሕር ወለል 5 ኪሎፓስካል ሲሆን እናንተ ጋ 3.9 ብቻ ነው፤ ፒኤቹ 0.1 ያህል ይወጣል። በጋዝ መለኪያ የሚለካው 6.5 በመቶ አካባቢ እስኪደርስ ከፍ አድርጉት። አንዳንዱ ኢንኩቤተር ሴንሰሩ ራሱ በግፊት ስለሚወዛገብ በስክሪኑ ቁጥር አትመሩ፤ ሚዲያ ሌሊቱን አሳድራችሁ ፒኤቹን ለኩ። ኦቶክሌቩም እንዲሁ ነው፦ በጌጁ 1.03 ባር ላይ ብታቆሙት 117 ዲግሪ ነው የምታገኙት፣ 121 ለመድረስ 1.27 ባር ይፈልጋል። ካልቸራችሁ የሚበከልበት ምክንያት ካጣችሁ እሱን እዩ።


ጊምሳ

ለማይክሮኒውክለስ ጋዙን ጨርሶ ልትተዉት ትችላላችሁ። 25 ሚሊሞላር ሄፔስ (ፒኤቹን የሚጠብቅ ውሁድ) ያለው ሚዲያ፣ ክዳኑ የጠበቀ ቱቦ፣ ተራ 37 ዲግሪ። ለመብራቱ፣ ኢንኩቤተሩ ውስጥ ባዶውን ቦታ ሁሉ 37 ዲግሪ ውኃ በያዙ ጠርሙሶች ሙሉት፣ በሩን አትክፈቱ፣ አንድ ቴርሞሜትር ውኃው ውስጥ ይኑር። የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት ጻፉ። ከ35 ዲግሪ በታች ለሰዓታት ከወረደ ያን ዙር ሙሉውን ጣሉት፤ የተመታውን ብቻ መርጦ መጣል ወይም 72ቱን ወደ 76 ማራዘም አይሆንም።